በሁለት ገና መካከል፦ የድምፃዊ ልዑልሰገድ ንዋይ የሕይወት ታሪክ (1948–2018 ዓ.ም.)

ድምፃዊ ልዑልሰገድ ንዋይ ከአባታቸው ከአቶ ንዋይ ተክለወልድ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሙሉብርሃን ይርዳው ኅዳር 21 ቀን 1948 ዓ.ም. በቀድሞው ሸዋ ጠቅላይ ግዛት፣ ናዝሬት ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። የተወለዱባት ቤት አባታቸው ከባቡር ጣቢያው ጀርባ የሠሯት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ስትሆን፣ ሰባ ዓመት ሙሉ የኖሩትም እዚያችው ውስጥ ነው። በሯ አረንጓዴ ነው፤ ወደ ሐዲዱ ይከፈታል። አድማጮች ይህን በር እንዲያስታውሱልን በትሕትና እንጠይቃለን።

ፊደል የቆጠሩት በሰፈሩ ቄስ ትምህርት ቤት ነው። የኔታ ድምፃቸውን ሰምተው «ይሄ ልጅ ለዲቁና የተፈጠረ ነው» ስላሉ፣ ወ/ሮ ሙሉብርሃን ይህን ቃል እንደ ተስፋ ቃል ያዙት። ልጃቸው አርባ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶት፣ ጢሙ ሸብቶ፣ በየሆቴሉ ሲዘፍን ከርሞ እንኳ «አሁንም አልረፈደም» ይሉ ነበር።

ልዑልሰገድ የመጀመሪያና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በዚሁ ከተማ ተከታትለዋል። ሕይወታቸውን የቀየረው ግን ከትምህርቱ ይልቅ አንድ የምሳ ግብዣ ነው። በ1965 ዓ.ም. በሰላም ጓድ አማካይነት ከአሜሪካ የመጡ፣ ሚስተር ሃሎዌይ የሚባሉ ጥቁር የእንግሊዝኛ መምህር ነበሯቸው። ታኅሣሥ 16 ቀን፣ የፈረንጆች ገና ዕለት፣ መምህሩ አሥራ ሁለት ተማሪዎችን ቤታቸው ጠሩ። ሦስት ዶሮ በራሳቸው እጅ አርደው፣ በራሳቸው እጅ ጠብሰው አቀረቡ። ዘጠኙ ተማሪዎች የነቢያት ጾም ላይ ነበሩ። ሦስቱ ሙስሊሞች ነበሩ። ዶሮውን የነካው ሰው አልነበረም። ተማሪዎቹ ዳቦና ሻይ ቀማምሰው፣ «ሃፒ ክሪስማስ ቲቸር» እያሉ አንድ በአንድ ወጡ።

ልዑልሰገድ ብቻ ቀሩ። የቀሩትም ከትሕትና ሳይሆን መምህሩ ሸክላ ማጫወቻው ላይ ያስቀመጡት ዘፈን ስላላለቀ ነው። አንድ ሰው ይለምናል፤ ከኋላው ሦስት ሴቶች ይመልሱለታል፤ ከሁሉም በታች ኦርጋን እንደ ሽማግሌ ያጉረመርማል። መምህሩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተቀምጠዋል።

«ቲቸር፣ ሰው ሞተብዎት እንዴ?» አሉ ልዑልሰገድ።

«ማንም አልሞተም። እናቴ ዛሬ ቤት ውስጥ ምሳ ታቀርባለች። ወንበሬን ግን ከጠረጴዛው አታነሳውም።» ከዚያም ወደ ሸክላው እያመለከቱ፦ «የነጮቹ የገና ዘፈን ስለ ሕፃኑ ነው። የእኛ ስለ ወንበሩ ነው» አሏቸው።

ልዑልሰገድ ይህን አባባል ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲደጋግሙት ኖረዋል። ሶል የሚባለው ሙዚቃ ምን እንደሆነ ለጠየቃቸው ሁሉ የሚሰጡት መልስም ይኸው ነበር፤ ከቤተ ክርስቲያን የወጣ ድምፅ ነው፣ ከወጣ በኋላ ግን በሩ ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ ያያል። ገና ሲደርስ ደግሞ ይብስበታል። ደወሉ፣ መብራቱ፣ ስጦታው ሁሉ ይጠራና መጨረሻ ላይ የጎደለ አንድ ሰው ይወጣል። ሚስተር ሃሎዌይ በ1967 ዓ.ም. አገራቸው ሲገቡ ሸክላዎቹን ለልዑልሰገድ አወረሷቸው። ማጫወቻውን ግን ይዘውት ስለሄዱ፣ ለሁለት ዓመት ያህል ሸክላዎቹ እየተወለወሉ ብቻ ኖሩ።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ትምህርታቸውን ካጠናቀቁ በኋላ ከ1968 ዓ.ም. ጀምሮ በአባታቸው አማካይነት በምድር ባቡር ቲኬት ሻጭ ሆነው ተቀጠሩ። ዘመኑ የኪነት ዘመን ስለነበረ የቀበሌያቸው ኪነት ቡድንም ድምፃቸውን ሰምቶ ወሰዳቸው። እዚያ ብዙ አልቆዩም። የሰልፍ መዝሙር ሲሰጣቸው ቀስ ያደርጉታል፤ «ወደፊት» የሚለው ቃል ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ይሰበራል። በ1970 ዓ.ም. በአንድ የበዓል ልምምድ ላይ የቡድኑ ካድሬ አስቁሟቸው፦ «ጓድ ልዑልሰገድ፣ ይሄ ሰልፍ ነው ቀብር? ትግሉ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚያለቅሰው?» ቢላቸው፣ «ብቻውን ስለሆነ ነው፤ ከኋላዬ የሚመልሱልኝ ሴቶች ቢኖሩ ይጽናና ነበር» ብለው መለሱ። በዚሁ ተሰናበቱ።

በ1973 ዓ.ም. ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ያለ አንድ ሆቴል ድምፃዊ ሆነው ተቀጠሩ። በዚያ ጊዜ የኤምባሲና የእርዳታ ድርጅት ሰዎች ገናቸውን የሚያሳልፉት ላንጋኖ ነበር። ሥራ አስኪያጁ በአገሩ ውስጥ የፈረንጅ የገና ዘፈን የሚችል ሰው ሲያፈላልግ የተገኙት አንድ ልዑልሰገድ ናቸው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የእርሳቸው ዓመት የሚዞረው በታኅሣሥ 16 ሆነ። ጥቅምት ላይ ልምምድ፣ ኅዳር ላይ ሱፍ ማስተኮስ፣ ታኅሣሥ 16 ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ግራሩ ሥር፣ ቡናማውን ሐይቅ ወደ ኋላ አድርጎ መቆም።

ኦርጋን የሚጫወቱላቸው የልጅነት ጓደኛቸውና የግድግዳ ጎረቤታቸው አቶ አብዱልመናን ነበሩ። አቶ አብዱልመናን በሥራቸው የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው፤ ከመቂ ሽንኩርትና ቲማቲም ጭነው አዲስ አበባ ያራግፋሉ። ኦርጋኑን በራሳቸው ነው የተማሩት። ከኋላ የሚመልሱት ድምፅ ደግሞ የወለንጪቲዋ ወ/ሮ ጂቱ ኦሊቃ ነበሩ፤ ያኔ ወ/ሪት። በመዘምራን ውስጥ ያደጉ፣ የሦስቱን ሴቶች ሥራ ለብቻቸው የሚሠሩ። እንግዲህ በየዓመቱ ታኅሣሥ 16 መድረኩ ላይ የሚቆሙት ሦስት ሰዎች እነዚህ ነበሩ፦ አንዱ ጾመኛ፣ አንዱ ሙስሊም፣ አንዷ ገናዋ ገና አሥራ ሦስት ቀን የሚቀረው። ከሐይቁ ዳር በዓል ላይ ያልነበሩት ሦስቱ ብቻ ነበሩ፤ በዓሉን የሚያደምቁትም እነርሱው ነበሩ። ፈረንጆቹ ሲበሉ ልዑልሰገድ ከወጥ ቤት ጀርባ ሽሯቸውን ይበላሉ።

ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ከሴት ልጃቸው ቤት የሚኖሩት ወ/ሮ ሙሉብርሃን ነገሩን መቼም አልተቀበሉትም። «ልጄ፣ ጌታ ሳይወለድ ምን ያስጨፍርሃል? አሥራ ሦስት ቀን መታገሥ ያቅታል?» ይሏቸው ነበር። ልዑልሰገድ ሱፋቸውን አንሥተው ወደ ላንጋኖ ይሄዱ ነበር። በታኅሣሥ 29፣ በእኛው ገና፣ ቤተሰቡ ሲሰበሰብ እርሳቸው ብዙውን ጊዜ ተኝተው ነው የሚያሳልፉት። በዓላቸው ያለፈባቸው ይመስላቸው ነበር።

ሙዚቃውን ወደ አማርኛ ለማምጣትም ጥረዋል። ስለ በረዶ የሚዘፈነውን አንዱን ዘፈን ተርጉመው በመቂ የአትክልት ነጋዴዎች ግብዣ ላይ ሲያቀርቡት፣ ነጭ በረዶ እንዲዘንብ የሚለምነው ስንኝ ላይ ሲደርሱ አንድ አዛውንት ገበሬ ተነሥተው «ወንድሜ፣ በፈጠረህ አምላክ! ያለፈው ወር የጣለው ቲማቲሜን ጨርሶታል፤ ደግመህ አትጥራብን!» አሏቸው። ግብዣው አብሮ ጮኸ። ልዑልሰገድ ይቅርታ ጠይቀው በረዶውን በካፊያ ለወጡት። ካፊያውም ቢሆን በታኅሣሥ ሽንኩርት ያበላሻል ተብሎ ዘፈኑ በመቂ ቀረ።

በዚህ ዓይነት ጽሑፍ ላይ ስለ ትዳር አንድ አንቀጽ መኖር አለበት። ልዑልሰገድ ትዳር አልያዙም፣ ልጅም አልወለዱም። ቤተሰቡ ለዚህ ሦስት ምክንያት ነበረው፦ ኩራት፣ ዘፋኝነት፣ እና ሱፍ ማብዛት። ሦስቱም ስሕተት ነበሩ። እውነቱን የሰማነው ባለፈው ኅዳር፣ ከሆስፒታል አልጋ ላይ፣ ከራሳቸው አፍ ነው። «ካለፍኩ በኋላ አንብቡት፤ ያኔ ማን ያሾፍብኛል?» ስላሉ በፈቃዳቸው ይነበባል።

ልዑልሰገድና ጂቱ ይዋደዱ ነበር። ለአሥር ዓመት ያህል አንዱ ሲጠይቅ አንዷ ስትመልስ ቆይተው፣ ሁለቱም ከመድረክ ውጪ ምንም አልተናገሩም። በ1984 ዓ.ም. ሆቴሉ እንግዳ ሲያጣና ሠራተኛ ሲቀንስ ጂቱ ድሬዳዋ አክስታቸው ዘንድ ሄዱ። በተከታዩ ዓመት ኅዳር ወር ላይ አንድ ደብዳቤ መጣ። አጭር ነበር፦ «ለገና እመጣለሁ። የምትለኝ ነገር ካለ ያኔ በለኝ። እንዳላጣህ።»

ወ/ሮ ጂቱ ገና ያሉት ገናን ነው። የወለንጪቲ ሰው፣ የድሬዳዋ ሰው፣ የናዝሬት ሰው ሁሉ ገና ሲባል የሚያውቀውን፣ ታኅሣሥ 29ን። ልዑልሰገድ ግን ለአሥራ ሁለት ዓመት ገናቸውን በሆቴል ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሲያነቡ የኖሩ ሰው ናቸው። በዚህ ከተማ ተወልዶ፣ ክርስትና ተነሥቶ፣ ገና ሲባል ታኅሣሥ 16 ትዝ የሚለው አንድ ሰው ቢኖር እርሳቸው ነበሩ።

ታኅሣሥ 16 ቀን 1985 ዓ.ም. ላንጋኖ ግራሩ ሥር ቆሙ። ፊት ለፊት አንድ ወንበር አስቀምጠው ማንም እንዳይቀመጥበት ኮታቸውን ጣል አደረጉበት። አቶ አብዱልመናን ነገሩ ግራ ገብቷቸው፦

«ልዑል፣ ምን ሆነሃል? ያንኑ ዘፈን ሦስቴ ዘፈንከው እኮ።»

«እሱን ስዘፍን ነው ፊቴ ወደ ግቢው በር የሚዞረው።»

«በሩ ላይ ምን አለ?»

«እንግዳ አለብኝ።»

ምሳው ተበላ፣ ፈረንጆቹ ዋኙ፣ ወንበሩ እንደተቀመጠ ቀረ። ልዑልሰገድ ኮታቸውን አንሥተው አራገፉት። መልሱ ይህ ከሆነ ይሁን ብለው ከሐዋሳ ሆቴል የመጣላቸውን የአራት ወር ውል ፈረሙ፤ ታኅሣሥ 20 ቀን ቦርሳቸውን ይዘው፣ አረንጓዴውን በር ቆልፈው ወጡ። ለጎረቤታቸው፣ ለአቶ አብዱልመናን ባለቤት ለወ/ሮ ዙለይካ፣ «የምጠብቀው ሰው የለም፤ የመጣ ሰው ካለ ሄዷል በዪው» አሏቸው።

ታኅሣሥ 29 ቀን ረፋድ ላይ ወ/ሮ ጂቱ ከድሬዳዋው ባቡር ወረዱ። በአንድ እጃቸው ብርቱካን፣ በሌላው በራሳቸው እጅ የሠሩት ነጭ የአንገት ሹራብ ይዘዋል። በሩን አንኳኩ። ቁልፉን አዩት። መልሰው አንኳኩ።

ወ/ሮ ዙለይካ ወጥተው፦ «ልጄ፣ ሄዷል እኮ። ቦርሳ ይዞ ነው የሄደው። የምጠብቀው የለም ነው ያለኝ» አሏቸው።

«ለገና እመጣለሁ ብዬው ነበር።»

«ታዲያ ገናችሁ ዛሬ አይደለም እንዴ? እኔ እስላሟ እንኳ አውቀዋለሁ!»

ወ/ሮ ዙለይካ ቤታቸው አስገብተው፣ ሻይ አፍልተው፣ እስከ ከሰዓቱ ባቡር አብረዋቸው ተቀመጡ። በዚያ ቀን በመንደሩ ውስጥ በዓል ያልነበረበት ቤት የእርሳቸው ብቻ ስለነበር እንግዳዋ የተመቻቸው ይመስል ነበር ይላሉ። ብርቱካኑን ለልጆቹ ሰጡ። ሹራቡን ለልዑልሰገድ ተዉላቸው፤ ውስጡ አንድ ቁራጭ ወረቀት ነበረበት፦ «በር ዘግተህ ነው የጠበቅኸኝ።»

ልዑልሰገድ የተመለሱት ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ነው። ሹራቡን ተቀበሉ፣ ወረቀቱን አነበቡ።

«መቼ ነው የመጣችው?» አሉ።

«በገና ነዋ።»

«በየትኛው ገና?»

ወ/ሮ ዙለይካ «ስንት ገና ነው ያላችሁ?» አሏቸው።

ልዑልሰገድ በማግሥቱ በባቡር ድሬዳዋ ሄዱ። የጂቱ ሠርግ ከፋሲካ ቀጥሎ በነበረው እሑድ ተደርጎ ነበር። ሙሽራዋ ከባለቤታቸው ጋር ዝዋይ ገብተዋል። ልዑልሰገድ በዚያው ባቡር ተመለሱ፤ ለእናታቸውም፣ ለእህታቸውም፣ ለአብዱልመናንም ምንም አልተናገሩም። ምን ብለው ይናገሩ? «ጌታ ሳይወለድ ምን ያስጨፍርሃል» ላሏቸው እናት፣ ሚስት ያጣሁት ገና መቼ እንደሆነ ጠፍቶኝ ነው ማለት እንዴት ይቻላል? ወ/ሮ ዙለይካም ነገሩን አይተው ዝም አሉላቸው። ሠላሳ ሦስት ዓመት ዝም አሉላቸው፤ ቤተሰቡ ለዚህ ምስጋናውን ያቀርባል።

በ1987 ዓ.ም. «አሥራ ሦስት ቀን» የተሰኘውን ብቸኛ ካሴታቸውን አወጡ። በአማርኛ የተሠራ፣ ገናን የሚዘፍን የሶል ካሴት ነበር። የርእሱ ዘፈን እንዲህ ይላል፦

አሥራ ሦስት ቀን ነው መንገዱ ቢለካ፣
እኔ ቀድሜሽ ሄጄ፣ አንቺ መጥተሽ ለካ።

ግጥሙን ስለ ጾም የተገጠመ መስሎን ነበር። ካሴቱ አልተሸጠም፤ የተሸጠውም ተመለሰ። ምክንያቱም በየስንኙ መጨረሻ ላይ፣ ሴቶቹ መመለስ በሚገባቸው ቦታ፣ ኦርጋኑ አንድ ድምፅ ይዞ ይቆያል እንጂ የሚመልስ የለም። ገዢዎች ካሴቱ የሚቆርጥ መስሏቸው ወደ ሙዚቃ ቤቱ እየመጡ «ይሄ ነገር መሃል መሃሉ ባዶ ነው» ይላሉ። ሙዚቃ ቤቱ አማርሮ፣ ሌላ ዘፋኝ አስገብተው ቦታውን እንዲሞሉት ለመናቸው። «ቦታው ሰው አለው» አሉ። ሙዚቃ ቤቱ የቀሩትን ካሴቶች ሌላ ድምፃዊ ቀዳባቸው፤ ልዑልሰገድ ዘንድ የቀረው አንድ ፍሬ ነው።

ከዚያ ወዲህ በቀን ጉዳይ የእርሳቸውን ያህል ጥንቁቅ ሰው በከተማው አልነበረም። ገና በሉቃስ ማግሥት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ በ28 እንደሚውል ከቄሶቹ እኩል ያውቁ ነበር፤ በየመስከረሙ የአዲስ ዓመት የቀን መቁጠሪያ ገዝተው ቀኑን በቀይ ያከብቡታል። በዚያች ቀን ደግሞ ግብዣ አይቀበሉም። እህታቸው ወ/ሮ ልዩ ዶሮ ወጥ ይዘው ሲሄዱ በሩ ላይ ተቀብለው፣ አመስግነው፣ «እንግዳ አለብኝ» ብለው ይሸኟቸዋል። በሩ ግን አይዘጋም። ቤተሰቡ ለሠላሳ ዓመታት በዚህ ነገር ቀልዷል። ጋሼ ልዑል የተደበቀች ሴት አለቻቸው ተባለ፤ እንግዳዋ ጂኒ ናት ያለም ነበር። ሁላችንም ስቀናል። አንድ ዓመት ከእህታቸው ልጆች አንዱ በአጥር ቀዳዳ አጮልቆ አየ፦ ሁለት ሳሕን፣ ሁለት ወንበር፣ ወደ ሐዲዱ የተከፈተ በር፣ የቴፑ ድምፅ፣ በዚያ በታኅሣሥ ፀሐይ ነጭ የአንገት ሹራብ ያደረጉ አንድ ሰው። ሮጦ መጥቶ «ማንም የለም!» ብሎ ሲያወራ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ምንኛ የሚያሳፍር ነገር እንደሆነ ለማወቅ ሃያ ዓመት ፈጀበት።

እናታቸው ወ/ሮ ሙሉብርሃን በ1997 ዓ.ም. አረፉ። በኋለኞቹ ዓመታት ሙዚቃው ወደ ፍላሽ ገባ፤ ላንጋኖም የሚፈልገው ዲጄ ሆነ። ልዑልሰገድ በአዳማ ሆቴሎች የእንግዳ መቀበያ ላይ፣ ፕላስቲክ የገና ዛፍ አጠገብ ቆመው ለጥቂት ዓመታት ዘፍነዋል። አንድ ሥራ አስኪያጅ ቀዩን ኮፍያ እንዲያደርጉ ቢለምናቸው፣ «ልጄ፣ በዚህ ዘፈን ላይ ኮፍያ የሚወለቅ ነው እንጂ የሚደረግ አይደለም» አሉት። ሥራውም በዚያው አበቃ። ባቡሩም ቆመ፤ አዲሱ ጣቢያ ከከተማ ውጪ ተሠራ፤ አረንጓዴው በር ዝገት ወደበላው ባዶ ሐዲድ መከፈቱን ቀጠለ። ታኅሣሥ ሲገባ ሱፐርማርኬቶቹ የገና ዘፈን ይከፍታሉ። ከዕለታት አንድ ቀን የሚስተር ሃሎዌይን ዘፈን ሲሰሙ መደርደሪያዎቹ መሃል ቆመው ቀሩ። ጥበቃው ጠጋ ብሎ «ፋዘር፣ የጠፋብዎት ነገር አለ?» ቢላቸው፣ «አልጠፋብኝም፤ አልፎኝ ነው» ብለውት ወጡ።

ልዑልሰገድ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ምክንያት ከዚህ ዓመት መስከረም ጀምሮ በአዳማ ሕክምና ሲከታተሉ ቆይተዋል። ነገሩን ሁሉ በነገሩን ማግሥት የእህታቸው ልጆች ወለንጪቲ ሄደው የወ/ሮ ጂቱን ወንድም፣ የሱቅ ባለቤት የሆኑትን አቶ ፈቃዱን አገኙ። ወ/ሮ ጂቱ ባቱ ናቸው፤ ዝዋይ የምንላት። የአራት ልጆች እናት፣ ባለቤታቸውን ከስድስት ዓመት በፊት የቀበሩ። ታኅሣሥ 9 ቀን ስልኩ ተደወለ፤ ክፍሉ ውስጥ የተኙት ሕመምተኞች ሁሉ ሰምተዋል።

«አካም ጅርታ፣ ጂቱ? ልዑል ነኝ።»

«የትኛው ልዑል?»

«በር ዘግቶ የጠበቀሽ።»

 ከዚያም ልዑልሰገድ ሁሉንም ነገሯቸው፤ ላንጋኖውን፣ ወንበሩን፣ አሥራ ስድስትን።

«አሥራ ስድስት ደግሞ ምንድነው?»

«የፈረንጅ ገና።»

«አንተ! ናዝሬት ተወልደህ? የሙሉብርሃን ልጅ?»

«እኔ።»

«ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ የጠላኸኝ መስሎኝ…» አሉ ወ/ሮ ጂቱ፤ ድምፃቸው ሳቅ ይሁን ልቅሶ አልለየም። «በል እሺ። እግሬን ያመኛል፤ መርፌዬን ስጨርስ ለገና እመጣለሁ።»

ልዑልሰገድ ትንሽ አሰቡ። «የቱ ገና?» አሉ።

ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ፤ ከስልኩ ውስጥም ሳቁ መጣ። «የእኛው ነዋ! ሃያ ዘጠኝ! ጻፈው!»

አስጻፉት። ወረቀቱ ከአልጋቸው በላይ ተለጠፈ።

ታኅሣሥ 16 ቀን አቶ አብዱልመናን ጓደኛቸውን ለማስደሰት የካሴቱን ዘፈን በስልካቸው ይዘው መጥተው ከፈቱላቸው። ልዑልሰገድ እጃቸውን አነሡ። «አጥፋው አብዱ። ዛሬ በዓል አይደለም። ጾም ነው» አሏቸው። በአርባ አምስት ዓመት ውስጥ በዚህ ቀን ሳይዘፍኑና ሳያዘፍኑ ሲውሉ የመጀመሪያቸው ነበር። እናታቸው ይህን ቢሰሙ እልል ይሉ ነበር።

ድምፃዊ ልዑልሰገድ ንዋይ በማግሥቱ፣ ዓርብ ታኅሣሥ 17 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። አሥራ ሁለት ቀን ቀርቷቸው ነበር።

እህታቸውን ወ/ሮ ልዩ ንዋይን፣ አምስት የእህት ልጆችን፣ እንዲሁም በደም ሳይሆን በግድግዳ የተዛመዷቸውን አቶ አብዱልመናንን እና ወ/ሮ ዙለይካን ትተው አልፈዋል። በሕመማቸው ጊዜ ላልተለዩን ሐኪሞችና ነርሶች፣ ከመቂና ከወለንጪቲ ድረስ ለመጣችሁ ወዳጆች፣ በየገናው እየሳቅን ብቻቸውን ስንተዋቸው ላልሳቀው ለማንኛውም ሰው ምስጋናችን ይድረስ።

መርዶውን ለወ/ሮ ጂቱ ያደረሱት ወንድማቸው ናቸው። ዛሬ እዚህ አልመጡም። በስልክ እንዲህ ብለውናል፦ «እኔ ለገና እመጣለሁ ነው ያልኩት፤ ለገና እመጣለሁ። ያንን ዘፈን አዘጋጁልኝ፤ ባዶ የተወውን ቦታ አውቀዋለሁ። በሩን ብቻ አትዝጉ።»

ስለዚህ ታኅሣሥ 29 ቀን ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ያለው አረንጓዴ በር ከጠዋት ጀምሮ ክፍት ይሆናል። አቶ አብዱልመናን ኦርጋናቸውን ያመጣሉ። ሹራቡ ከወንበሩ ላይ ይሆናል። ዘንድሮ ቤተሰቡም ከውስጥ ነው፤ ማንኳኳት አያስፈልግም።

የልዑላችንን ነፍስ፣ እንግዳ በቀኑ ባይደርስም በሩን የማይዘጋው አምላክ ከቤቱ ያስገባልን፤ ከተያዘላቸው ወንበርም ያስቀምጥልን። አሜን።